ዋስ ያለው ይቀጠር፣ ዋስ የሌለው ይቀበር?

መቼም በዚህ አገር ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው የሚከተለውን ዓይነት ማስታወቂያ በቃሉ ሳይሸመድደው አይቀርም።

«የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ የዕቃ ማሸጊያና መላኪያ ሠራተኛ። ብዛት፦ 1። ጾታ፦ አይለይም። የትምህርት ደረጃ፦ በንብረት አስተዳደር ወይም በተመሳሳይ ሙያ ዲፕሎማ። የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት። ደመወዝ፦ በስምምነት። ማሳሰቢያ፦ በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል።»

ድሮ አራት ኪሎ ጋዜጣ አከራዮቹ ዘንድ ቁጭ ብሎ በሳንቲም ተከራይቶ ያነበበውም፣ ዛሬ በቴሌግራም ከስልኩ ላይ የሚያነበውም የሚያየው ያንኑ ነው። የድርጅቱ ስም ይቀያየራል እንጂ ቃሉ አይለወጥም። እኔም የማንንም ድርጅት ስም አልጠራም፤ የአንድ ድርጅት ጉዳይ አይደለምና። ዲፕሎማውንና የሥራ ልምዱንም ለዛሬ እንተወው። (ልምድ ለማግኘት ልምድ መጠየቁ ራሱን የቻለ ሌላ ጉድ ነው!) የማነሳው መጨረሻ ላይ በማሳሰቢያ መልክ ጣል የተደረገችውን ነገር ነው፤ «በቂ ዋስ» የምትለዋን።

ልብ በሉ! የተቀጣሪው ደመወዝ «በስምምነት» ነው፤ ማለትም ምሥጢር ነው። የዋሱ ደመወዝ ግን ምሥጢር አይደለም። ከመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ቲተር አርፎበት መቅረብ አለበት። ይቀጠራል የተባለው ሰው ስንት እንደሚከፈለው ሳያውቅ አጎቱ ስንት እንደሚከፈለው ያስመሰክራል!

ለመሆኑ የዕቃ ማሸጊያና መላኪያ ሠራተኛ ሥራው ምንድን ነው? ካርቶን በፕላስተር ማጣበቅ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ካርቶን ማጣበቁ እንኳ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ትእዛዝ በስልክ ይመጣል፤ «ለመሐል ሜዳ 40 ብርድ ልብስና 12 ካርቶን ሳሙና፣ ለነገ ጠዋት ይድረስ» ይባላል። ይህን ጽፎ መያዝ፣ በወጪ ሰነድ ከመጋዘን ማውጣት፣ መቁጠር፣ እንደገና መቁጠር፣ የሚሰበረውን ከሚከብደው ለይቶ ማሸግ፣ የሚሸተውን ከሚበላው ማራቅ፣ የተቀባዩን ስምና ከተማ በማይለቅ ቀለም መጻፍ፣ የአይሱዙውን ታርጋና የሹፌሩን ስም መዝግቦ ማስፈረም፣ አንዱን ቅጂ ሰጥቶ ሌላውን ማስቀረት፣ በማግስቱም ደውሎ «ደረሰ ወይ? ስንት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ፤ ይህ ሁሉ የዚያ ሰው ሥራ ነው። በነሐሴ ወር የጣርማ በርን ጉምና ዝናብ ያየ ሰው ደግሞ ሸራ በደንብ ሳይታሰር የሄደ ዕቃ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ያውቃል። የመንዝ ባና ወይም ብርድ ልብስ ከሆነ ረጥቦ ይደርሳል፤ ረጥቦ ከተከመረ ይሻግታል፤ ደንበኛው አልረከብም ይላል። ባቄላና ምስርም ቢሆን ያው ነው። በአውቶብስ ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫነውማ ሌላ ጣጣ አለው፤ ረዳቱ የትኛው ጆንያ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ላዩ ላይ በተጻፈው ብቻ ነው። ጽሕፈቱ ካልተነበበ ለሞላሌ የተላከው ደብረ ሲና ይወርዳል።

ዕቃው ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ፓኪንግ ሊስቱ ላይ 480 ጆንያ ተብሎ ተጽፎ ኮንቴይነሩ ውስጥ 478 ቢገኝ ትራንዚተሩም፣ ጉምሩኩም፣ ባንኩም፣ ገዢውም የሚያዩት ወረቀቱን ነው። ሁለት ጆንያ ለማጣራት ሲባል ሙሉ ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ጂቡቲ ላይ ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር ደግሞ ይከፈልበታል፤ የሚከፈለውም በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ነው። የአንድ ጸሐፊ የቁጥር ስሕተት የባለ ንብረቱን የወር ትርፍ ሊበላ ይችላል።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ቁጥር የማይስት፣ ጽሕፈቱ የሚነበብና «አልቆጠርኩትም፣ ስለዚህ አልፈርምም» ብሎ ለጌታውም ቢሆን የሚናገር ሰው ነው። ይቺ የመጨረሻዋ ከዲፕሎማ ትበልጣለች። ታዲያ ከእነዚህ አንዱን እንኳ በዋስ ማወቅ ይቻላል?

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ አንዲት የሰላ ድንጋይ ልጅ ናት። ሰላ ድንጋይን ለማያውቅ አንባቢ፣ በሰሜን ሸዋ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግና ብርድ ያለባት አገር። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫቸው አድርገው አካባቢውን ያስተዳደሩት ከዚያ ሆነው ነው። ዛሬ የሰላ ድንጋይ ወጣት ተምሮ ሲጨርስ ዓይኑን የሚጥለው ደብረ ብርሃን ላይ ነው። አይፈረድበትም! ደብረ ብርሃን ዱሮ የምትታወቀው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የቢራው፣ የጠርሙሱ፣ የእንጨቱ ፋብሪካ፣ በላዩም የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨምሮ መኪና የሚጭንባትና የሚያራግፍባት ከተማ ሆናለች። መኪና በሚጫንበት ቦታ ሁሉ ደግሞ የሚቆጥርና የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

ልጅቷ በቴክኒክና ሙያ ንብረት አስተዳደር ተምራለች፤ ሲኦሲውን አልፋለች። ማስታወቂያውን አይታ ተመዘገበች፤ የጽሑፍ ፈተናውን ተፈተነች፤ ቃለ መጠይቁን አለፈች። አንደኛ መውጣቷ ተነገራት። «በአሥር ቀን ውስጥ ዋስሽን ይዘሽ ነይ» ተባለች። ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ደመወዙ ከእሷ የማያንስ፣ ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑን ከመሥሪያ ቤቱ የሚያስጽፍ ሰው።

አባቷ ገበሬ ናቸው። በግ አላቸው፣ ጥማድ በሬ አላቸው፣ የመሬት ደብተር አላቸው፤ በአገራቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ስንት ነገር አስታርቀዋል። ነገር ግን በግ ደመወዝ የለውም፤ ለበሬም ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት የለም! መሬቱ ደግሞ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ደብተሩን ይዘው ቢመጡም የሚቀበል ቀጣሪ አላገኙም። በአገራቸው ላይ ሙሉ ሰው የሆኑት አባት ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ለገዛ ልጃቸው ዋስ መሆን የማይችሉ ሰው ሆኑ።

አጎቷ መምህር ነው። መምህሩ ግን አስቀድሞ ለእህቱ ባል ወንድም፣ ለሹፌሩ፣ ዋስ ሆኗል፤ ደብዳቤው ለሁለተኛ ሰው አይጻፍም። አንዲት ጤና ጣቢያ የምትሠራ የቅርብ ዘመድ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ቅጹን አንብባ ፈራች። «ልጄ፣ አንቺን አምንሻለሁ፤ መጋዘኑን ግን አላምነውም» አለቻት። (ይቺ ሴት ከስንት የሕግ ምሩቅ የበለጠ ገብቷታል፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።) ሦስተኛው እሺ ያለ ዘመድ ያለው ሞላሌ ነው። ዋስ ደግሞ በአካል ቀርቦ ካልፈረመ አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በሚካሄደው ጦርነት ምክንያት የዚያ አካባቢ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ መኖሩን የማያውቅ የለም። የልጅቷ አሥር ቀን በተዘጋው ሰሞን ላይ ዋለ። «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ መናኸሪያ ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ ነው የተመለሰው» አለችኝ።

ተጠባባቂው ተጠራ። ተጠባባቂው ዋስ ነበረው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ቀጣሪው ያገኘው ምንድን ነው? በራሱ ፈተና አንደኛ የወጣችውን ትቶ፣ በራሱ ፈተና የተበለጠውን ቀጠረ። ዋስ የሚያሳየው የተቀጣሪውን እጅ ንጽሕና አይደለም፤ የዘመዱን ፔሮል ነው። ከተማ ውስጥ ደመወዝተኛ ዘመድ ያለው ያልፋል፤ የገበሬ ልጅ፣ የሟች ልጅ፣ የተፈናቃይ ልጅ ይወድቃል። በፈተና «ጾታ አይለይም፣ ዘር አይለይም» ብለን ዘመድ ግን እንለያለን። ይኼስ አድልዎ አይደለም ትላላችሁ?

ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ተበድሮ የሚነግድ ሰው ነው። መቶ ብርድ ልብስ ከጎደለበት ባንኩ «ጎደለብህ ወይ?» ብሎ አይምረውም። ፖሊስ ዘንድ ቢሄድ ማስረጃ ይባላል፤ ፍርድ ቤት ቢሄድ ቀጠሮ ይባላል። ንብረቱን ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ቤቱ ሄዶ መተኛት አለበት። ስለዚህ የሆነ ሰው አንገት ላይ ገመድ ማሰር ይፈልጋል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። መድኃኒቱ ግን የውሸት ነው!

ንብረት እንዴት እንደሚጠፋ በመጋዘን የሠራ ሰው ጠይቁ። ሠራተኛው ካርቶን ተሸክሞ በር ሰብሮ አይወጣም። መኪና ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይመጣል፤ የባለቤቱ ወንድም ተጠርቶ ያራግፋል፤ ጫኝና አውራጁ ይቸኩላል፤ ማንም አይቆጥርም። ጠዋት ልጅቷ ስትገባ «አምስት መቶ ነው፣ ፈርሚ» ትባላለች። ትፈርማለች፤ አልፈርምም ብትል ገና ሙከራ ላይ ናት። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ በእሷ እጅ፣ ሌላው በጌትየው ቤት። ቅዳሜ ማታ ጌትየው ለወዳጁ ሦስት ካርቶን አንስቶ ይሰጣል፤ «ሰኞ ትጽፈዋለች» ይላል፤ ሰኞ ይረሳል። ከስድስት ወር በኋላ ቆጠራ ይመጣል። ጎደለ! ማን ፈረመ? እሷ። ማን ዋስ ነው? አጎቷ። ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ ሴት «መጋዘኑን አላምነውም» ያለችው ይህንን ነው።

ዋስ ያለበት መጋዘን እንዲያውም የበለጠ ዝርክርክ ይሆናል እላለሁ። ባለቤቱ «ቢጎድል ከዋሱ እቀበላለሁ» ብሎ ከተማመነ ለምን ይቆጥራል? ለምን ሁለተኛውን ቁልፍ ይመልሳል? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሮክራሲ ስንት ነገር ይወቀስበታል፤ አንድ ነገር ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ንብረት ክፍል የሠራ ሁሉ ሞዴል 19ን፣ ሞዴል 20ን፣ ሞዴል 22ን ያስታውሳል። ዕቃ ሲገባ በ19፣ ሲጠየቅ በ20፣ ሲወጣ በ22። የጠየቀው ሌላ፣ የፈቀደው ሌላ፣ ያወጣው ሌላ፣ የተረከበው ሌላ። አራት ፊርማ ያለበት ወረቀት አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሰርቅም፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይወነጀልም ያደርጋል። የወረቀቱ ዋጋ ደግሞ ከአንድ ካርቶን ሳሙና አይበልጥም። የግል ነጋዴው ግን ካርኒ ማሳተሙን እንደ ወጪ ቆጥሮ፣ የሰው አጎት ማስፈረሙን እንደ ነጻ ነገር ይቆጥረዋል። መንግሥትም ቢሆን ቅጹን ይዞ ዋሱን አልተወም፤ ምሳሌው እሱው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። እዚህ ላይ ዋስ የሆናችሁም፣ ልትሆኑ ያሰባችሁም ጆሯችሁን ስጡኝ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 ዋስትና በግምት እንደማይኖር ይናገራል፤ በግልጽ መነገር አለበት፣ ከተባለውም በላይ አይለጠጥም። ከዚያም ዋናውን ነገር ያስከትላል፤ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ይህ ሕግ ከወጣ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ታዲያ በየድርጅቱ የሚታደለው ቅጽ ምን ይላል? «በሚደርሰው ጉድለት ሁሉ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» ይላል። «ሁሉ» ስንት ብር ነው? የብሩ ቦታ ወይ የለም፣ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ከፊርማ በኋላ ይሞላል። «በአንድነትና በነጠላ» የምትለዋ ደግሞ ጌጥ አይደለችም። በአንቀጽ 1933 መሠረት እንዲህ ብሎ የፈረመን ዋስ ባለገንዘቡ ዋናውን ተበዳሪ አስቀድሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። ስንቱ መምህርና ነርስ ይህን አውቆ ፈርሟል? ለዘመድ ደስታ ብሎ እንጂ!

የሠራተኛውም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ከደመወዝ የሚቆረጥ ገንዘብ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልኖረ አይቆረጥም ይላል፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሕግ አውጪው የሠራተኛውን ልጆች ጉሮሮ አስቦ ነው። የእሷ ደመወዝ እንዲህ በሕግ ሲጠበቅ፣ መጋዘኑን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው አጎቷ ግን ልክ በሌለው ቅጽ ይታሰራል።

ዋስ ያጣ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ገበያ ይወጣል። ዋስ እንደ ቤት ኪራይ በደላላ የሚገኝ ነገር ሆኗል ሲባል እንሰማለን። የማይተዋወቁ ሰዎች በገንዘብ «ዘመድ» ይሆናሉ፤ ደብዳቤው ከየት እንደመጣ አይጠየቅም። እንዲህ ያለው ዋስ ንብረት ቢጎድል ስልኩ አይነሳም። ስለዚህ ማጣሪያው ማንን አሳለፈ? ሐቀኛዋን አስቀርቶ ደላላ የሚያውቀውን አሳለፈ! ለሴት ልጅ ደግሞ ዘመድ ያልሆነ ወንድ «ዋስ እሆንሻለሁ» ሲላት በልዋጩ ምን ሊጠይቃት እንደሚችል እኔ አልዘረዝርም፤ አንባቢ ያውቀዋል።

የዋስ ነገር ሲነሳ የሰላ ድንጋይ ታሪክ አንድ ነገር ያስታውሰኛል። በ1834 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1842) ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ከአንኮበር ተነስቶ ወደ ጎንደር ሲጓዝ በሰላ ድንጋይ አልፏል፤ ወይዘሮ ዘነበወርቅንም አግኝቷቸዋል። የንጉሡ እንግዳ ነበር፤ በመንገዱ ላይም የንጉሡ ወዳጅ ነው የተባለ አዳራ ቢሌ የሚሉት የወሎ ባላባት በመጀመሪያ በደህና ተቀበለው። በመመለሻው ግን ይኸው ሰው አስሮ ንብረቱን ሁሉ ዘረፈው። ከንጉሥ ወዳጅነት የበለጠ ምን ዋስ አለ? ያም አልጠቀመውም። ጠባቂ ካልቆመበትና ቆጣሪ ከሌለው ጭነት ጋር የታላቅ ሰው ስም ብቻውን ሲሄድ እንዲህ ነው።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። እንዲያው ለወሬ ያህል አላነሳሁትም።

አዋጁ ለሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀናት ፈቅዷል። ከሁለት ወር በላይ ነው! በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጅቷ ትቆጥር እንደሆነ፣ ትጽፍ እንደሆነ፣ ትዋሽ እንደሆነ ማየት ያልቻለ ቀጣሪ በዋስም አያየው። ሲፈትኗትም «ራስሽን አስተዋውቂ» ከማለት ይልቅ ሃያ ዓይነት ዕቃ፣ ሁለት ካርቶን፣ ሲባጎና አንድ የተሳሳተ የትእዛዝ ወረቀት ይስጧት። ስሕተቱን አግኝታ ከጠየቀች ሠራተኛ አገኙ ማለት ነው። ዝም ብላ ካሸገች ሸኟት፤ ዋሷ ሚኒስትር ቢሆን እንኳ።

ጉድለት ለሚፈራ ደግሞ ኢንሹራንስ የሚባል ነገር አለ። የአገራችን መድን ድርጅቶች የሠራተኛ ታማኝነት ዋስትና የሚሉትን ይሸጣሉ፤ ሠራተኛ እምነት አጉድሎ ንብረት ቢያጠፋ በውሉ ልክ ይተካሉ። አረቦኑን የሚከፍለው ንግዱ ነው፤ የንግድ አደጋ የንግድ ወጪ ነውና። አሁን ግን የመጋዘኑን አረቦን የሚከፍለው የሰላ ድንጋይ መምህር ነው፤ ከትርፉ አንዲት ሳንቲም ሳይደርሰው! መድን ድርጅቱ ደግሞ ከመዋዋሉ በፊት ይጠይቃል፤ ቆጠራ በስንት ጊዜ ነው? ቁልፍ በማን እጅ ነው? የሚቀበለውና የሚያወጣው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? እነዚህን ጥያቄዎች ነጋዴው ራሱን ጠይቋቸው ቢሆን ኖሮ ግማሹ ጉድለት ባልኖረ ነበር።

«የለም፣ እኔ ሰው በሰው ካልታሰረ አላምንም» ለሚል ደግሞ ምሳሌው እዚያው ክልል ውስጥ አለለት። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው አብቁተ ለገበሬውና ለሴቶች ሲያበድር ደመወዝተኛ ዋስ አምጡ አላለም። ሰዎቹን በቡድን አደራጅቶ እርስ በርስ ዋስ አደረጋቸው። በጥሬ ገንዘብ የታመነ ገበሬ በካርቶን ሳሙና የማይታመንበት ምክንያት ምንድን ነው? የቴክኒክና ሙያ ተመራቂዎች አምስት አምስት ሆነው፣ በተወሰነ ብር፣ ለተወሰነ ጊዜ እርስ በርስ ዋስ ቢሆኑ ምን ይላል? የአባትየው እድር ደብዳቤ ቢጽፍላትስ? እድር አባሉን ከማንም መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል በተሻለ ያውቀዋል።

ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ሥራ ተፈጠረ የሚለውን ቁጥር በየሩብ ዓመቱ ከመደመር ጎን ለጎን ይህን ይመልከት። ዋስ የሚጠየቅበት የሥራ መደብ የትኛው እንደሆነ፣ ጣሪያው የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ፣ ዋሱ መቼ ነጻ እንደሚወጣ በመመሪያ ይወሰን። ለማይቻል ነገር አይደለም! ወደ ዓረብ አገር በሚሄዱ ሠራተኞች ላይ ተችሏል እኮ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዋስትና እንዲያስይዝ የሚያዘው ኤጀንሲውን ነው፤ ለሠራተኛዋ መብት ማስከበሪያ ብሎ። የሰላ ድንጋይዋ ልጅ ጅዳ ለቤት ሠራተኝነት ብትሄድ ላኪዋ ዋስትና ያስይዝላታል፤ ደብረ ብርሃን ዕቃ ለመቁጠር ግን እሷ ማስያዝ አለባት። ይህን ያጫወትኳት ቀን ልጅቷ ሳቀች። «ጋሼ፣ ጓደኞቼም ወደዚያው ነው የሚሉኝ» አለች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

መመሪያው እስኪመጣ ድረስ ግን ለዘመድ ብላችሁ ልትፈርሙ እስክሪብቶ ያነሳችሁ ሰዎች ይህን አድርጉ። የብሩ ቦታ ባዶ ከሆነ አትፈርሙ፤ «እስከ ይህን ያህል ብር» ብላችሁ በአኃዝም በፊደልም ጻፉበት። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነም ጻፉ። «በአንድነትና በነጠላ» የምትለዋን ካልተስማማችሁባት ሰርዛችሁ ፈርሙባት። ቅጂውን ይዛችሁ ውጡ፤ «ቅጂ አንሰጥም» ካሉ ቅጹን መልሱላቸው። ልጁ ወይም ልጅቷ ሥራ የለቀቁ ቀን ክሊራንሱን ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከዓመታት በኋላ መጥሪያ የሚደርሰው እሱን ሳይጠይቅ የቀረ ዋስ ነው። ቀጣሪው ብር መጻፉን እምቢ ካለም ለምን እምቢ እንዳለ ጠይቁት። መልሱን ሰምታችሁ ስለ መጋዘኑ ብዙ ነገር ታውቃላችሁ።